«ዶክተር፣ ልጄ ላይ መዥገር አገኘሁ»፦ ሁለት እናቶች ያስጀመሩት የሕክምና ታሪክ



ሰሞኑን ኢንቦክሴን ከሞሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከሚኒሶታ የመጡ ናቸው። ሰመር ሲገባ ልጆች ሳር ላይ ይንከባለላሉ፣ ቤተሰብ ፓርክ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል፣ ማታ ልጅ ሲታጠብ ደግሞ ብብቱ ሥር ወይም ከጆሮው ኋላ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትገኛለች። «ቆሻሻ መስሎኝ ሳሸው አልለቅ አለኝ፤ ለካ እግር አለው!» ብላ የጻፈችልኝ እናት አለች።

መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጣችሁ፤ ልጁ ላይ መዥገር ተጣብቆ ቁጭ ብሎ ታሪክ የሚያነብ ወላጅ የለምና። ቀጭን ወረንጦ ውሰዱና መዥገሩን ከቆዳው ጋር በተገናኘበት ቦታ፣ ከሆዱ ሳይሆን ከጭንቅላቱ ያዙት። ሳትጠመዝዙና ሳትጨፈልቁት ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። የአፉ ስባሪ ቆዳ ውስጥ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሩ፤ ቆዳው ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ወይም በአልኮል አጽዱት። ላምባ ማፍሰስ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ክብሪት ለኩሶ ማስጠጋት የሚባለውን ሁሉ ተዉት። መዥገሩ በገዛ ፈቃዱ እስኪለቅ ስትጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ ነው የሚጠቅመው። ነቅላችሁ ስታበቁ አትጣሉት። በፕላስተር ወረቀት ላይ ለጥፉትና ቀኑን ጻፉበት። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮነቲከት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከባሕር ዳርቻው ብዙ ሳይርቅ፣ ላይም የምትባል በዛፍ የተከበበች ትንሽ ከተማ አለች። ወይዘሮ ፖሊ መሪ የሚባሉ ሠዓሊና የአራት ልጆች እናት እዚያ ይኖሩ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰውነታቸውን ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ እብጠትና የማያባራ ድካም ይፈራረቅበታል። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሄዱ፣ ሆስፒታልም ተኙ፣ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። ምርመራ ምንም ካላሳየ ደግሞ ሐኪም የሚላትን ቃል ታውቋታላችሁ፦ ጭንቀት ነው። ለሳቸውም ይኸው ተባለ።

ሴትዮዋ ግን ማስታወሻ ደብተር ይዘው መጻፍ ጀመሩ። ማን፣ መቼ፣ የቱ ጉልበት፣ ሽፍታው የት ወጣ፣ ስንት ቀን ቆየ። በኋላ ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም በየተራ መታመም ጀመሩ። ጉልበት ያብጣል፣ ክራንች ይያዛል፣ ይሻላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጎረቤት ሲጠይቁ የጎረቤትም ልጅ እንዲሁ ነው። የደብተሩ ዝርዝር እየረዘመ ሄደ።

በ1975 መከር ላይ ለግዛቲቱ ጤና ቢሮ ስልክ ደወሉ። በዚያው ሰሞን ጁዲት ሜንሽ የሚባሉ ሌላ እናት፣ ከጎረቤቷ ከተማ ከኦልድ ላይም፣ በራሳቸው ጊዜ ደውለዋል። የእሳቸው ልጅ «የልጆች ሩማቶይድ አርትራይተስ» ተብላለች። የእናቲቱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ በሽታ ብርቅ ነው ከተባለ፣ በእኛ መንገድ ዳር ብቻ ይህን ያህል ልጅ እንዴት ታመመ? ሁለቱም ሐኪም አይደሉም። ቆጥረው ግን ቁጥሩ አልዋጥላቸው ብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ክሊኒክ ውስጥ «ልጄ ልክ አይደለም፣ እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ወላጅ ሲገጥመኝ፣ ወረፋው ረዝሞ እያለ፣ ውስጤ የሚቸኩልበት ጊዜ አለ። ፖሊ መሪን ያነበብኩት ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሳይ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። ቀን የተጻፈበት ደብተር ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በስልካችሁ ያነሳችሁት የሽፍታ ፎቶም እንደዚያው ነው።

በጤና ቢሮው ስልኩን የተቀበሉት ዶክተር ዴቪድ ስናይድማን ጉዳዩን አልጣሉትም። የል ዩኒቨርሲቲ የመገጣጠሚያ በሽታ ትምህርት ላይ ለነበሩት ወጣት ሐኪም ለዶክተር አለን ስቲር ነገሯቸው። ስቲርም የፖሊ መሪን ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ጠየቁ። በሦስት ተጎራባች ከተሞች 51 ሕመምተኞች ተገኙ፤ 39ኙ ልጆች ናቸው። የሦስቱ ከተሞች ነዋሪ በድምሩ 12,000 ገደማ ቢሆን ነው። ለዚህ ሕዝብ ይህ ቁጥር ከሚጠበቀው 100 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አንዳንድ የገጠር መንገድ ላይ ከአሥር ልጅ አንዱ ታሟል።

ተላላፊ ጉንፋን ቢሆን ኖሮ በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይወድቁ ነበር። እነዚህ ግን በተለያየ ዓመት ነው የታመሙት፣ አብዛኞቹም በሰመርና በመከር መጀመሪያ። ከተማ መሀል ያሉት ሳይሆኑ ጫካ አጠገብ ያሉት ናቸው። ከሕመምተኞቹ ሩብ ያህሉ ደግሞ ጉልበታቸው ከማበጡ ከሳምንታት በፊት ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ እንደነበረባቸው አስታወሱ።

ይህ ሽፍታ ለአውሮፓ ሐኪሞች አዲስ አልነበረም። አርቪድ አፍዜሊየስ የሚባሉ ስዊድናዊ የቆዳ ሐኪም በ1909 ስቶክሆልም ላይ መዥገር ከነከሰ በኋላ የሚሰፋ ሽፍታ ማየታቸውን ተናግረው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ስዊድን ውስጥ በፔኒሲሊን ይታከም ነበር። በ1970 ደግሞ በዊስኮንሲን አንድ ሐኪም ይህንኑ ሽፍታ በአሜሪካዊ ሕመምተኛ ላይ አይቶ፣ በፔኒሲሊን አክሞ፣ ጽፎ አሳትሟል። የቆዳ ሐኪም የጻፈውን ግን የመገጣጠሚያ ሐኪም አላነበበውም ነበር። እናቶቹ ለዓመታት የተንከራተቱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሕመምተኞቹ አንዱ የነከሰውን መዥገር ነቅሎ አስቀምጦ ተገኘ። መዥገሩ ሲታይ ጥቁር እግር ያለው፣ የጫካ አጋዘን ላይ የሚኖረው ዓይነት ነው። «አትጣሉት» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የመዥገሩ ዓይነትና ሆዱ በደም መነፋቱ ወይም አለመነፋቱ ዛሬም ሐኪሙ ከሚወስናቸው ውሳኔዎች አንዱን ይለውጣል።

የቀረው ዋናው ጥያቄ ነበር፦ መዥገሩ ምን ተሸክሞ ነው? መልሱን ያገኙት ቪሊ ቡርግዶርፈር ናቸው። የእሳቸው ነገር ከእኛ አገር ጋር ስለሚገናኝ ትንሽ ላቆያችሁ።

ቡርግዶርፈር በ1925 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ተወለዱ። ተማሪ ሳሉ የመረቁበት ሥራ በአፍሪካ መዥገሮች ላይ ነው፤ መዥገር የሚያመጣውን የሚመላለስ ትኩሳት፣ ማለትም የግርሻን የቅርብ ዘመድ ነበር ያጠኑት። ግርሻን እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በደንብ ያውቁታል። ትኩሳቱ ለቀናት ያቃጥላል፣ ተሻለው ሲባል ተመልሶ ያገረሻል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። የእኛን አገር ግርሻ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፣ የእነዚያን መዥገር። ባክቴሪያዎቹ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፦ ቦሬሊያ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ሞላ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች ይመስላሉ።

ቡርግዶርፈር ወደ አሜሪካ ሄደው ሞንታና ውስጥ ሃሚልተን በሚገኘው ቤተ ሙከራ ኖሩ። በ1981 ከኒው ዮርክ ሼልተር ደሴት የተሰበሰቡ መዥገሮች ተላኩላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ጨርሶ ሌላ ጀርም፣ ሪኬትሲያ የሚባለውን ነበር። ያን ሲፈልጉ የመዥገሮቹ አንጀት ውስጥ የተጠማዘዙ ክሮች አዩ። ሌላ ተመራማሪ ሊያልፋቸው ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን በተማሪነታቸው ዓመታት ሲያዩት የኖሩትን መልክ ወዲያው አወቁት። ከመረመሯቸው መዥገሮች ከግማሽ በላይ ይህንኑ ተሸክመዋል። የሕመምተኞቹ ደም ሲሞከርም ለክሮቹ መልስ ሰጠ። በ1982 ታተመ፤ በ1984 ባክቴሪያው በስማቸው ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። በሽታው ደግሞ በእናቶቹ ከተማ ስም ላይም ተብሎ ቀረ።

በዚያ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደበዛ ትጠይቁ ይሆናል። ኒው ኢንግላንድ የሚባለው አካባቢ ቀድሞ ተመንጥሮ የታረሰ ነበር። ገበሬው መሬቱን እየተወ ሲሄድ ጫካው ተመልሶ በቀለ፣ አጋዘኑ ተመለሰ፣ ሰው ደግሞ ጫካው ውስጥ ቤት ሠራ። ግልገል መዥገሮቹ ጀርሙን የሚያገኙት ከአይጥ ነው፤ አጋዘኑ ያደጉትን ይቀልባል፤ ልጆቻችን መሀል ይገባሉ። ሰውን በብዛት የምታስይዘው ግልገሏ ናት። መጠኗ ከጤፍ ቅንጣት ትንሽ በልጣ ከሰሊጥ ያነሰች ናት። ስለዚህ ልጅ ስትፈትሹ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፣ በጣታችሁ ዳብሱ፦ የፀጉር ሥር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ የወገብ መቀነቻ፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላ። ሴት ልጅ ሹሩባ ከተሠራች በሹሩባው መስመር ሁሉ።

ደግነቱ ጊዜ አላችሁ። መዥገሯ ጀርሙን ወደ ሰው ለማሳለፍ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ማታ ማታ የሚፈትሽ ቤተሰብ አብዛኛውን አደጋ እዚያው ያስቀረዋል።

አሁን በተለይ ለእኛ ቆዳ የሚሆነውን በጥሞና አንብቡልኝ። ኢንተርኔት ላይ «የላይም ሽፍታ» ብላችሁ ብትፈልጉ ነጭ ቆዳ ላይ ያለ፣ እንደ ዒላማ የተከበበ ደማቅ ቀይ ክብ ታያላችሁ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን እንዲህ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም ምት የመሰለ፣ አንዳንዴ በመጠኑ ሞቅ የሚል ስፋት ሆኖ ይመጣል። መሀሉ መንጣቱ ግዴታ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም አያሳክክም፣ አያምም። በ2000 የታተመ አንድ የሜሪላንድ ጥናት በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ሽፍታው በአነስተኛ ቁጥር፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ደግሞ በበለጠ ቁጥር መመዝገቡን አሳይቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው ምልክት ሳይታይ እያለፈ፣ በሽታው ጉልበት ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ዛሬም መጽሐፎቻችን ውስጥ ያሉት ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው፤ እኔም የተማርኩት ከነዚያው ነው።

እንግዲህ የምትጠብቁት ይህ ነው። መዥገር በተነቀለ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የምትታይ ትንሽ መቅላት የንክሻው ቁጣ ናት፣ ትጠፋለች። የላይም ሽፍታ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል፣ ቀን በቀን ይሰፋል፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ጠርዙን በእስክሪብቶ አክብቡትና በማግስቱ ከመስመሩ አልፎ እንደሆነ እዩ። ከሽፍታው ጋር ወይም ያለ ሽፍታ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካምና የሰውነት ቁርጥማት ሊኖር ይችላል። ቆይቶ ደግሞ ጉልበት ያብጣል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ወይም የፊት አንድ ጎን ይወድቃል። ይህ የመጨረሻው የእኛን ሰው በጣም ያሳስተዋል። ልጁ ፊቱ ሲጣመም «ንፋስ መታው» ተብሎ በሙቅ ጨርቅ ሲታሽ ይሰነብታል። መዥገር ባለበት አገር የምትኖሩ ከሆነ የተጣመመ ፊት በዚያው ቀን ለሐኪም ይታያል።

ሽፍታውን ያየ ሐኪም የደም ምርመራ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሙ ገና መልስ ስለማይሰጥ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የ10 ቀን ዶክሲሳይክሊን ወይም የ14 ቀን አሞክሲሲሊን ነው። ቀድሞ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥርስ ያበላሻል ተብሎ ይከለከል ነበር። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ችግር እንደማያመጣ ስለታወቀ የልጆች ሐኪማችሁ ቢያዝዘው አትደንግጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። ጥቁር እግር ያለው መዥገር በሽታው በሚበዛበት ቦታ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ተጣብቆ ከነበረ፣ ከተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን አለ። ከዚያ ካለፈ አይጠቅምም፤ ስለዚህ «ሰኞ እደውላለሁ» አትበሉ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራት ድካም የሚቀርባቸው ሰዎች አሉ፤ ሕመማቸው እውነት ነው። ለእነሱ ለወራት የሚቀጥል አንቲባዮቲክ ተሞክሮ ከጉዳቱ በቀር የተገኘ ጥቅም የለም፤ ይህን በብዙ ገንዘብ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ እምቢ በሉ።

«እኛስ? አገር ቤት ያለነው?» ለምትሉ። የላይምን በሽታ በአሜሪካ የሚያስተላልፈው መዥገር የሰሜን አሜሪካ ፍጥረት ነው፣ ከብቶቻችን ላይ የለም። የእኛ መዥገር ሌላ ታሪክ አለው፤ ቡርግዶርፈርም አሉበት።

በ1955 ሬይስ-ጉትፍሮይንድ የተባሉ ተመራማሪ አንድ አስደንጋጭ ነገር ጽፈው ነበር። በቅማል ብቻ የሚተላለፈውን የተስቦ፣ ማለትም የታይፈስ ጀርም ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው አግኝቻለሁ አሉ። እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ተስቦ የምናውቀውን ሁሉ ይገለብጥ ነበር፤ ቅማል ቢጠፋም በሽታው በከብቱ ላይ ይቆያል ማለት ነውና። እነ ቡርግዶርፈር ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ መዥገሮችን ፈትሸው ውጤቱን በ1973 አሳተሙ። የተስቦውን ጀርም አላገኙትም። ከብት ላይ ከሚኖረው፣ ጀርባው ዥጉርጉር ከሆነው ትልቁ መዥገር ግን ሌላ ሪኬትሲያ አገኙ። ያኔ የሜዲትራኒያኑ ትኩሳት ጀርም ነው ተባለ። በደቡብ አፍሪካ አድሪያኑስ ፓይፐር የሚባሉ ሐኪም በ1930ዎቹ «ይህ የገጠሩ የመዥገር ትኩሳት ከዚያ የተለየ ነው» ብለው ሰሚ አጥተው ነበር። በ1990ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ ከሕመምተኛ ደም ሲገኝ ልክ እንደነበሩ ታወቀ፣ በ1996ም ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ወጣለት። ከኢትዮጵያ መዥገር የተገኘው ይኸው ነበር።

ምልክቱ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት ጡንቻ ሕመም፣ በነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ቦታ፣ ከቁስሉ አቅራቢያ ደግሞ ንፍፊት ነው። በዶክሲሳይክሊን በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ ገዳይነቱም እምብዛም ነው።

ልጅ ሳለሁ ክረምት አያቴ ዘንድ ስሄድ ከላሟ ጡት ሥር መዥገር እየነቀልን እሳት ውስጥ እንጥል ነበር፤ ጠብ ብሎ ሲፈነዳ እንስቃለን። ከዓመታት በኋላ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ እረኛ ልጅ በትኩሳት መጣ። ዌል ፌሊክስ ተሠራለት፣ «ታይፈስ» ተባለ፣ እኔም ዶክሲሳይክሊን ጻፍኩለት፣ ዳነ። እግሩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል እንደነበረ አስታውሳለሁ። እሾህ ወግቶት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከብት ጋር መዋሉን እያወቅሁ ስለ መዥገር አልጠየቅኩትም። መድኃኒቱ አንድ በመሆኑ ስህተቴን ሸፈነልኝ። ስለዚህ ከገጠር የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ከያዘው «ታይፎይድና ታይፈስ» ከመባሉ በፊት ልብሱን አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ፣ ያያችሁትንም ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም።

ያቺ «ለካ እግር አለው» ያለችኝ እናት መዥገሯን በፕላስተር ለጥፋ ፎቶ ልካልኛለች። ሆዷ አልተነፋም። ልጁ ማምሻውን ፓርክ ውሎ በዚያው ሌሊት ነው የተነቀለችው። የልጁን ሐኪም እንድትደውልና ካላንደሩ ላይ 30 ቀን እንድትቆጥር ነገርኳት። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብብቱን በመስኮት ብርሃን እያየች፣ የምታየውን እየጻፈች ነው።